ባዶ እጁን አይተኛም

በቤታችን ሁለት ቱቱዎች ነበሩ። እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነበር።

የኔ ቱቱ አያቴ ነው። ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ባሕሩን በሚያየው መስኮት ሥር፣ የብረት አልጋ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ ተኝቶም ያድራል። ግራ እጁና ግራ እግሩ ከከዱት ቆይተዋል፤ አንደበቱም አብሯቸው ሄዷል። ስሙ ካሌኦ ነው፤ «ድምፁ» ማለት ነው። ስም አውጪ አርቆ አያይም። አባቴ፣ እናቴና አጎቴ ሎፓካ «ፓፓ» ይሉታል። ቱቱ፣ አያት፣ ብዬ የምጠራው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሌላ የልጅ ልጅ አልነበረውም።

ሁለተኛው ቱቱ ከቤታችን ቁልቁል ያለው የባሕር ወሽመጥ ነው። ይህን ያወቅኩት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

የወሽመጡ ስም ካሞኤ ነው፤ «የተኛው» እንደማለት። አብዛኛውን ዘመን ስሙን አክብሮ ይኖራል። ሕፃናት ይንቦጫረቁበታል፤ ጀልባዎች መረብ ይጥሉበታል፤ ሞገድ ሊጋልቡ ከሩቅ የመጡ ወጣቶች ሳንቃቸውን የመኪናቸው ጣሪያ ላይ እንዳሰሩ ቆም ብለው ያዩትና «እዚህስ ምንም የለም» ብለው ያልፋሉ። ግን በየስንት ክረምቱ አንዴ፣ ሰሜን ምዕራብ ጥልቁ ላይ የተወለደ ማዕበል ብዙ ቀን ተጉዞ ሲደርስ፣ አፋፉ ፊት ለፊት ካለው ከተሸሸገው ዓለት ላይ ውሃው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያን ቀን ሞገድ ጋላቢ ነኝ ባዩ ሁሉ ወገቡን ያመዋል። የሚገቡት ጥቂቶች ናቸው። የሚወጡት ደግሞ ሁልጊዜ የገቡትን ያህል አይደሉም።

የተኛን በስሙ ሲጠሩት ይነቃል። ስለዚህ የመንደራችን ትልልቅ ሰዎች ወሽመጡን በስሙ አይጠሩትም፤ መስኮት ተከፍቶ ሳለ ደግሞ ጨርሶ። «ሽማግሌው» ይላሉ፤ ወይም «ቱቱ»። ይህን ለልጅ የሚያስረዳ አልነበረም። ላስረዳ ቢሉ ስሙን ሊጠሩ ነው።

የፊት ጥርሶቼ የወለቁበት ክረምት ነበር። እናቴ ሩዝ ልትገዛ ስትወጣ ወደ አክስቴ ናካሶኔ ሱቅ ይዛኝ ሄደች። አክስቴ ናካሶኔ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ የሩዝ ጆንያዎቿን ከወለል እያነሳች ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ትጭናለች።

«ሱቅ ልትዘጊ ነው?» አለች እናቴ።

«አልዘጋም። ከላይ ሆኜ እሸጣለሁ።» አክስቴ ናካሶኔ አንዱን ጆንያ ወርውራ በረጅሙ ተነፈሰች። «ሽማግሌው ሌሊቱን ሲገላበጥ አልሰማሽም? ይልቅ አጠገቡ ያለሽው አንቺ ነሽ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ባለፈው ሲነሳ ሩዜን በላብኝ። ሩዜን በልቶ አልበቃው ብሎ የጫማ ሳጥኖቼን ይዞ ሄደ።»

«ሩዝ ይተካል» አለች እናቴ።

አክስቴ ናካሶኔ አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። ወዲያው በጨው የደረቀ ፕለም መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልጅ በነፃ ፕለም የሚሰጠው ሰው ቤት ለቅሶ ሲኖር መሆኑን በዚያ ዕድሜዬም አውቅ ነበር።

መንገድ ላይ ፕለሙን እየመጠጥኩ አሰብኩ። ቱቱ የሚበላው ጥቂት ማንኪያ ፖይ፣ የጎደሬ ገንፎ፣ ነው፤ ያንንም እናቴ አገጩን እየጠረገች። ያን ሁሉ ሩዝ የት አደረገው? ጫማስ ምን ያደርግለታል፣ ያውም አንዱ እግሩ ብቻ ለሚሠራ ሰው? መልሱ አንድ ብቻ ነበር። እኛ ስንተኛ ይነሳል ማለት ነው።

ከራት በፊት አጎቴ ሎፓካ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ረጅሙን ሳንቃ የሻማ ሰም ይቀባል። ሎፓካ የአባቴ ታናሽ ነው፤ ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ፣ ምላሱ ግን ከበቀለ የቆየ።

«ነገ ጠዋት ይነሳል» አለ። «እኔም ጀርባው ላይ እወጣለሁ።»

«የአክስቴ ናካሶኔን አጥር መውጣት አቅቶህ ሱሪህን የቀደድከው አንተ?» አለ አባቴ።

«አጥር ቆሞ ነው የሚጠብቅህ። እኔ የሚሆንልኝ የሚንቀሳቀስ ነው።»

«መውጣቱንማ ማንም ይወጣል፣ ሎፓካ። የምጠይቅህ መውረዱን ነው።»

«አንተ ታወርደኛለህ። ታላቅ ወንድም ታዲያ ለምን ተፈጠረ?»

እኔ ቱቱን አሰብኩ። ጀርባው ቆዳና አጥንት ነው፤ እናቴ ስታጥበው አይቻለሁ። ሎፓካ ቢወጣበት የሚሰበረው ማን እንደሆነ ለማንም ግልጽ መሰለኝ። ግን እነሱ የፈሩት ለሚወጣው እንጂ ለሚወጣበት አልነበረም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

እናቴ የዓሣውን ሳህን አስቀመጠች። «ኤሊያም እንዲህ ነበር የሚለው» አለች።

ሦስቱም በተከፈተው በር በኩል ፎቶው ወደተሰቀለበት ግድግዳ አዩ። ኤሊያ የወንድማማቾቹ ታላቅ ነው፤ እኔ ከፎቶው በቀር አላውቀውም። ፎቶው ላይ ከራሱ የሚረዝም ሳንቃ አቅፎ ይስቃል፤ ጆሮዎቹ ትልልቅ ናቸው።

«ባለፈው ሲነሳ ኤሊያን ይዞ ተኛ» አለች እናቴ። «ባዶ እጁን አይተኛም። ታውቁታላችሁ።»

«ኡሉ፣ ልጅቷ» አላት አባቴ እናቴን በቀስታ።

«ልጅቷ ምን ታውቃለች?» አለ ሎፓካ። ነገሩን በሣቅ ሊሸፍነው ወደ እኔ ዞረ። «ኖሄያ፣ እነዚያን ጥርሶችሽን ማን ወሰዳቸው?»

«ቱቱ» አልኩ።

ያመንኩትን ነው የተናገርኩት። ሰሙ ከሎፓካ እጅ ወድቆ ደረጃውን ተንከባሎ ወረደ። አባቴ ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ። ራት በላን። ዛሬ ሳስበው፣ እነዚያ ሰዎች ነገ ለሚገቡበት ውሃ ከሕፃን አፍ ትንቢት የሰሙ መስሏቸው ነበር። ሎፓካ ቢችል ኖሮ ያኔውኑ ይቀር ነበር። ግን ልጅ ባለችው ቀረ ከሚባል መሞት ይሻለው ነበር፤ እንዲያ ያለ ዕድሜ ላይ ነበር።

ከመተኛቴ በፊት የቱቱን ክፍል በር በስንጥቁ አየሁ። ዓይኑ ፈጧል። ጭንቅላቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ጤነኛው ቀኝ እጁ አንሶላውን እየጨበጠ ይለቃል። ከዚያ አልጋው ተንቀጠቀጠ። የብረቱ እግሮች ወለሉ ላይ እንደ ጥርስ ገጭ ገጭ አሉ። ቆመና እንደገና ጀመረ። እየተገላበጠ ነው፣ አልኩ በልቤ። እውነታቸውን ነው።

አልጋውን የሚያንቀጠቅጠው እሱ አልነበረም። ቤቱ በሙሉ ነበር የሚንቀጠቀጠው፤ እኔ ግን ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ጠዋት ስነቃ ከቤቱ ሥር ሳንቃዎቹ አልነበሩም። አባቴም ሎፓካም የሉም። እናቴ በረንዳው ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች።

«ተነሳ» አለች ለራሷ፤ ድምፅዋ መርዶ የሚያረዳ ሰው ድምፅ ነበር።

ወደ እኔ ዞረች። ፀጉሬን ከግንባሬ መልሳ ሳመችኝ። እናቴ ጠዋት ጠዋት የምትስም ሴት አይደለችም።

«ከቱቱ ጋር ሁኚ» አለችኝ። «እኔ እስክመጣ ከአጠገቡ ንቅንቅ እንዳትዪ። ሰማሽ?»

«አብሬሽ ልምጣ።»

«አንቺ እዚሁ ነሽ» አለችና በሩጫ ቁልቁል ወረደች።

ስሌቱ ቀላል ነበር። ባዶ እጁን አይተኛም። አባቴና ሎፓካ ሳንቃቸውን ይዘው አምልጠዋል። እናቴም ይኸው ሄደች። በቤቱ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ተስሜ።

እናቴ የሄደችው ሴቶቹ ሁሉ ወደተሰበሰቡበት አፋፍ ነው። የታችኛውን መንደር ውሃ እንደሚገባበት ታውቅ ስለነበር፣ ልጇን በአካባቢው ከሁሉ ከፍ ያለው ቤት ውስጥ አስቀምጣ መሄዷ ነበር። ይህን ስትነግረኝ እኔም እናት ሆኜ ነበር።

ወደ ክፍሉ ገባሁ። ቱቱ ዓይኑን ከመስኮቱ ላይ አላነሳም። መስኮቱ ግን ነጭ ጉም ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ውሃው ተሰባብሮ አየር ሆኗል። እጁ ባዶ ነው፤ አንሶላው ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃል። እኔም ባለኝ ልደራደር ቆረጥኩ። መጀመሪያ የፕለሙን ፍሬ አስያዝኩት። ጣለው። ማበጠሪያዬን ሰጠሁት፤ ጣለው። አንድ ዓይን ያላትን አሻንጉሊቴን አምጥቼ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከደንኩባት። ይህች ትበቃዋለች ብዬ ነበር። ጣቶቹን ከፈታቸው፤ አሻንጉሊቷ አልጋው ሥር ወደቀች። ከዚያ ከወር እስከ ወር ቃል የማይወጣው አፉ ተከፈተ።

«ሎ...» አለ። «ሎ...»

«ሎፓካ የለም» አልኩት። «ሄዷል። አታገኘውም።»

ራሱን በኃይል ነቀነቀ። ውጪ አንድ ነገር ፈነዳ፤ ብርጭቆው ከመደርደሪያው ወርዶ ተሰበረ። ያኔ ቱቱ ተነሳ።

እንዴት እንደተነሳ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀኝ ክርኑን ተደገፈ፤ ቀኝ እግሩን አወረደ፤ ግራው እንደ እርጥብ ጆንያ ተከተለው። አንሶላውን ከአልጋው ገፎ በቀኝ እጁ ጠቀለለውና ግድግዳውን በትከሻው እየተሻሸ ወደ በሩ ሄደ። ይህን ሁሉ ጊዜ ተኝቶ ስለኖረ አያቴ ረጅም ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር። ጭንቅላቱ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ቱቱ፣ ተመለስ!» አንሶላው ከኋላው ይጎተታል፤ ጫፉን በሁለት እጄ ያዝኩ። ጎተተኝ። በሆዴ ወለሉን እየጠረግኩ፣ መንጠቆ እንደዋጠች ዓሣ፣ ተከትዬው በረንዳው ላይ ወጣሁ።

ወሽመጡ የለም። እንደዚያ ነው ያየሁት፦ ቦታው ላይ ሌላ ነገር አለ። ከዳር እስከ ዳር የፈላ ነጭ። ከዚያ ማዶ አንድ ጥቁር መስመር ቀስ ብሎ ከፍ አለ፤ ከፍ አለ፤ የሰማዩን ጫፍ ሸፈነና ቆመ። ሲወድቅ መጀመሪያ ያየሁት ነው እንጂ የሰማሁት አይደለም። ድምፁ ዘግይቶ በእግሬ በኩል ገባ። ከሚወድቀው ማዶ ሁለት ነጥቦች ይነሱና ይጠፋሉ።

ቱቱ ምሰሶውን በጀርባው ተደገፈ። የአንሶላውን ጫፍ በቀኝ እጁ ወደ ላይ አነሳው። ጨርቁ ተሰብስቦ ተንጠለጠለ። ነጥቦቹ ቆሙ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። አባቴ ወደ ቤት ሊመጣ ነው፣ ብዬ ልቤ ዘለለ።

ቱቱ ግን ሲቃ የመሰለ ድምፅ አወጣ። የሞተችውን ግራ እጁን ሊያነሳ ትከሻውን ወረወረ፤ እጁ አልመጣችም። ወደ እኔ አየ። «ሎ...» አለ። «ሎ...»

ወደ አልጋው ልመልሰው እንጂ ሌላ አሳብ አልነበረኝም። የያዝኩትን ጫፍ አጥብቄ፣ እግሬን በበረንዳው መወጣጫ ላይ ተክዬ፣ ባለኝ ክብደት ሁሉ ወደ ኋላ ተንጋለልኩ። ነፋሱ ከሥር ገባ። አንሶላው በመካከላችን ጥርቅ ብሎ ተከፈተ፣ እንደ ሸራ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ቱቱ በዚያኛው ጫፍ ሳበ፤ እኔ በዚህኛው። አያቴ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየኝ። ግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ። ሌላኛው ግማሽ እንደወትሮው የሞተ ነበር። እኔ ያነበብኩት የሞተውን ነው።

ነጥቦቹ ዞሩ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ጥልቁ ቀዘፉ፤ አነሱ፤ ጉሙ በላቸው። እጁን ሲያነሳ አባቴ ሄደ። ወሰደው። ይኸው በዓይኔ አየሁ።

ቱቱ በምሰሶው ላይ ተንሸራቶ ተቀመጠ። ዓይኑን ከደነ። የአንሶላውን ጫፍ አልለቀቀም። ባዶ እጁን አልተኛም።

እናቴ ስትመለስ እኔ አሁንም እየጎተትኩ ነበር። መጀመሪያ የሱን ፊት ነካች፤ ቆየች። ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።

«አባዬን ወሰደው» አልኳት።

እሷም ከአፋፉ ላይ ሆና ወደ ጥልቁ ሲጠፉ ነበር ያየችው።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። አክስቴ ናካሶኔ የሩዝ ገንፎ ሠርታ አምጥታለች፤ ሱቋ ወገብ ድረስ ውሃ ገብቶበታል፤ ስለ ሩዙ ግን ማንም አልጠየቃትም። ቱቱን አጥበው አልጋው ላይ አስተኝተውታል። ሴቶቹ ለስንት ሰው እንደሚያለቅሱ ገና ስላላወቁ ድምፃቸውን ይቆጥባሉ። ያኔ የአንድ ጭነት መኪና ሞተር ሽቅብ ሲያቃስት ተሰማ።

አባቴና ሎፓካ ከኋላው ወረዱ። በጥልቁ በኩል ቀዝፈው ከተራራው ማዶ ከደረሱበት ወደብ ነው የመጡት። ሎፓካ ሳንቃ የለውም፤ ከንፈሩ እንደ ኖራ ነጥቷል፤ ቀልድ አልያዘም። ከዚያ ቀን ወዲህ ካሞኤ ውስጥ እግሩን አልነከረም፤ የውሃ ጨዋታም በፊቱ አይነሳም ነበር። እናቴ ሁለቱንም በየተራ በጥፊ መታቻቸው፤ ከዚያ አባቴን ይዛ ቀረች።

አባቴ ውሃው እየተንጠባጠበ ወደ ኋላው ክፍል ገባ። አባቱን አየ። ዕርቃኑን ፍራሽ አየ። ወለሉ ላይ የተከመረውን አንሶላ አየ።

«ግራውን ማን ያዘው?» አለ።

ሴቶቹ ተያዩ። እናቴ «ማካይዮ፣ ና ቁጭ በል» አለችው። ቅዝቃዜ አእምሮውን የነካው መሰላት።

«ግራውን ማን ያዘው ነው የምለው?»

ሊቀጣ የሚፈልግ ሰው እንደዚያ ነው የሚጠይቀው። ሁለቱንም እጆቼን ከጀርባዬ ደበቅኩ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ አግብቼ፣ ከአባቴ ጋር መረብ ስንጠግን ነው ነገሩን የሰማሁት። አያቴ ጤና ሳለ የመንደሩ ባሕር ቃኚ ነበር። ጀልባዎቹ ታች መረብ ይዘው ሲጠብቁ፣ እሱ ከበረንዳው የዓሣውን መንጋ ጥላ ያያል፤ በሁለት እጁ ነጭ ጨርቅ ይዞ ያዛቸዋል። ቤታችን ያ ቦታ ላይ የተሠራው ለዚህ ነው። አንዱ ጨርቅ ብቻውን ከተነሳ፣ «ግቡ» ነው። ጨርቁ ግራና ቀኝ ከተዘረጋ፣ «ውጡ፣ ወደ ጥልቁ» ነው።

«ያን ዕለት መመለሻው መንገድ ተዘግቶ ነበር» አለ አባቴ፤ ዓይኑን ከመረቡ ሳያነሳ። «ጀልባ የሚያልፍበት ቦታ እንኳ ይፈርስ ነበር። እኛ ከውሃው ላይ አናየውም። ፓፓ ከአልጋው ሆኖ በጆሮው አየው። ኤሊያ ያለቀው እዚያው መንገድ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ጉም ነበር፤ የፓፓን ጨርቅ አላየም።»

«እናንተስ?»

«እኛ መጀመሪያ አንድ ጨርቅ አየን። ግቡ። ሎፓካን ‹በል ዙር› አልኩት። ዞርን።» ቋጠሮውን በጥርሱ አጠበቀ። «ከዚያ ተዘረጋ።»

የቀጣዩን ቀዳዳ ጠርዝ ያዝኩለት።

«እኔ ነኝ» አልኩት በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። እጅሽን ደብቀሽ ነበር።»

«ወደ አልጋው ልመልሰው ነበር የጎተትኩት።»

አባቴ ይህን ጊዜ ቀና አለ። ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ ገና አልወሰነም ነበር። «ፓፓም ይህን አያውቅም» አለ። «ግራ እጁ የተመለሰችለት መስሎት ነው የሞተው።»

በእኛ ቋንቋ ጨርቅ «ሎሌ» ይባላል። አባቴ፣ ፓፓ ያለው ሎሌ ነው፣ ይላል። እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ የለም፣ የመጨረሻ ልጁን እየጠራ ነው፣ ትል ነበር። እኔ መምረጥ ትቻለሁ።

ይኸው ዛሬ የኋላዋ ክፍል የኔ ናት። ዳሌዬን ከተሰበርኩ ወዲህ በብረት አልጋው ላይ ነኝ። ወጥ ቤት ውስጥ ልጄ ስልኩ ላይ ቀይና ሐምራዊ ቀለም የተቀባ የባሕር ካርታ ያሳያል፤ ማዕበሉ በየትኛው ሰዓት እንደሚደርስ ሳይቀር ይነግራቸዋል። ስሙን ግን አይጠሩም። መስኮቱ ክፍት ነው።

«ቱቱ እየተገላበጠ ነው» ሲል ሰማሁት።

«ነገ ይነሳል» አለች ሚስቱ። «ስንት ዓመቱ? ባዶ እጁን ደግሞ አይተኛም።»

ትንሽ ቆይቶ በሬ ተገፋ። የልጅ ልጄ ማሉ ናት፤ የላስቲክ ፈረሷን ደረቷ ላይ ለጥፋለች። ቆማ አየችኝ። የአልጋው እግሮች በቀስታ ገጭ ገጭ ማለት ጀምረዋል፤ እሷም ሰምታለች። በእግሯ ጣቶች ጫፍ መጥታ ፈረሱን መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን አንድ በአንድ ከደነችበት።

አልጣልኩትም። አጥብቄ ያዝኩት።

ማሉ ግን አልሄደችም። ሌላኛውን እጄን እያየች ነበር። «ነይ፣ የሚነሳው ቱቱ እኔ አይደለሁም» ልላት አሰብኩ። ከዚያ ውጪውን አዳመጥኩ፤ ድምፁ ወደ ምዕራብ እየዞረ ነው፤ መመለሻው መንገድ በኩል። በሌላኛው እጄ አንሶላውን ጨበጥኩ።